ከምጽዋት የዘለቀ ዐይን፦ የፎሩግ ፋሮክዛድ «ቤቱ ጥቁር ነው»

«ቆማጣን ቆማጣ ካላሉት ገብቶ ይፈተፍታል» የሚለው ተረታችን በአንድ ዐረፍተ ነገር ሕመምተኛን ከገበታ ያስነሣል። ኢራናዊቷ ገጣሚ ፎሩግ ፋሮክዛድ እ.ኤ.አ. በ1962 በታብሪዝ አቅራቢያ ባለው የባባባጊ የሥጋ ደዌ ሕሙማን መንደር የቀረጸችው «ቤቱ ጥቁር ነው» የሚሟገተው እንዲህ ካለው አስተሳሰብ ጋር ነው።

ፎሩግ ወደ ካሜራ የመጣችው ከግጥም ነው። በ1955 «ምርኮኛ» የተባለውን መድበሏን ስታሳትም የሴትን ስሜት ሳትሸፍን በመግለጿ ብርቱ ነቀፌታ ደርሶባታል። ኋላም በኢብራሂም ጎለስታን ስቱዲዮ በፊልም አርትዖት ሠርታለች። ሕሙማንን የሚረዳ ማኅበር ያሠራውን ይህን 20 ደቂቃ ያህል የሚወስድ ዘጋቢ ፊልም የቀረጸችው በ12 ቀናት ነው።

በፊልሙ ሁለት ድምፆች ይፈራረቃሉ። የወንዱ ድምፅ በሽታው ከድህነት ጋር የተቆራኘ፣ በሕክምናም የሚድን መሆኑን እንደ ሐኪም ያስረዳል። የገጣሚዋ ድምፅ ደግሞ ከብሉይ ኪዳን በተቀዳ የጸሎት ቃል ኳስ የሚጫወቱትን ልጆችና ዐይኗን የምትኳለውን ሴት ይከተላል። የመጀመሪያው ርዳታ ይጠይቃል፤ ሁለተኛው ግን እነዚህ ሰዎች ከማን ያንሳሉ ይላል። ምጽዋትና ፍትሕ የሚለያዩት እዚህ ላይ ነው።

ሆኖም ፊልሙ ከጉድለት የጸዳ አይደለም። ሕሙማኑ ስም የላቸውም፤ የሕይወት ታሪካቸውንም በራሳቸው አንደበት አይተርኩም። የገጣሚዋ ቃል ምንም ያህል ቢያምር አልፎ አልፎ የእነርሱን ዝምታ ይሸፍናል። ሚዛኑን የሚመልሰው የመጨረሻው የመማሪያ ክፍል ትዕይንት ነው። አስቀያሚ ነገሮችን እንዲጠራ የተጠየቀ ልጅ እጅ፣ እግር፣ ራስ ብሎ ሲመልስ ክፍሉ በሣቅ ይሞላል። ሌላው ተማሪ «ቤት» በሚለው ቃል ዐረፍተ ነገር እንዲሠራ ሲታዘዝ ካሰላሰለ በኋላ በሰሌዳው ላይ የሚጽፈው የፊልሙን ርእስ ነው።

በአማርኛችን «ቤት» መኖሪያም ቤተሰብም ነውና ርእሱ ሲተረጐም ክሱ ይበረታል፤ የጠቆረው በሩን የዘጋው ወገን ቤት ጭምር ይሆናል።

ፊልሙ በ1963 በኦበርሃውዘን ተሸልሟል። ፎሩግም ከመንደሩ አንድ ሕፃን ወስዳ አሳድጋለች፤ በ1967 በ32 ዓመቷ በመኪና አደጋ ዐረፈች። በአካባቢያችንም ስለ ተገፉ ሰዎች ፊልም የሚሠሩ ወጣቶች ከዚህች ገጣሚ የሚማሩት አንድ ነገር አለ፦ ስለ ሰዎቹ ብዙ ከተናገሩ በኋላ የመጨረሻውን ቃል ለራሳቸው መተው።