መምጠቅ፣ መውረድ፣ መጠገን

ቋንቋችን ለሽቅብ ያደላል። ብልሁን ሰው «ምጡቅ» እንለዋለን፤ ወደ ላይ የተወነጨፈ ማለታችን ነው። መናኛውን ሥራ ደግሞ «የወረደ» እንለዋለን። ለጥገናም ቢሆን ብዙ ፊት አልሰጠንም። በ1960ዎቹ የፖለቲካ ክርክራችን «ጥገናዊ» መባል ከስድብ አይተናነስም ነበር፤ ክብሩ ሁሉ ለ«ሥር ነቀል» ነበር። ዛሬ ሂስ የማቀርብበት ሥራ ልብ ወለድም ቲያትርም አይደለም፤ የኮምፒዩተር ጨዋታ ነው። ይሁን እንጂ እነዚህን ሦስት ግሦች እንደገና እንድንመዝናቸው የሚያስገድድ በመሆኑ በዚህ ገጽ ላይ ቦታ ይገባዋል እላለሁ።

ጨዋታው «ኬርባል ስፔስ ፕሮግራም» ይባላል። ፌሊፔ ፋላንጌ የተባለ ባለሙያ ሜክሲኮ ከተማ በሚገኘው በስኳድ ድርጅት ውስጥ ሲሠራ የጠነሰሰው ሲሆን፣ ለሕዝብ የቀረበው እ.ኤ.አ. በሰኔ 2011፣ የተሟላው እትም የወጣው ደግሞ በሚያዝያ 2015 ነው። ተጫዋቹ ታንክ፣ ሞተር፣ ክንፍና እግር እየገጣጠመ መንኮራኩር ይሠራል፤ አረንጓዴ ድንክ ጠፈርተኞችን ይጭንና ኬርቢን ከተባለች ምናባዊ ፕላኔት ያስወነጭፋል። ኬርቢን ከምድራችን በብዙ ታንሳለች፤ ከመሐሏ እስከ ገጿ 600 ኪሎ ሜትር ብቻ ነው። የእንቅስቃሴዋ ሕግ ግን የኒውተን ሕግ ነው። በጨዋታው ውስጥ የሚተኮስበት ጠላት የለም። ባላጋራው ስበት ነው፤ ስበት ደግሞ አይለመንም።

ጀማሪው ሐሳቡ ሁሉ መምጠቅ ላይ ነው። ትልልቅ ሞተር ይደረድራል፤ በሰከንድ 2,300 ሜትር ገደማ ይደርስና ምሕዋር ይገባል፤ ደስታውም ልክ የለውም። ፈተናው የሚመጣው ሙን ከተባለችው ጨረቃ ላይ ልረፍ ሲል ነው። ሙን አየር የላትም፤ ስለዚህ ፓራሹት ፋይዳ የለውም። ከገጿ 14 ኪሎ ሜትር ከፍ ብሎ የሚዞር መንኮራኩር በሰከንድ 550 ሜትር ያህል ይበርራል። ያ ፍጥነት መሬት ከመነካቱ በፊት ተሟጦ ማለቅ አለበት፤ የሚያሟጥጠውም ከጉዞው የተረፈው ነዳጅ ነው። ቀድሞ ሞተር የለኮሰ ነዳጁን አየር ላይ ይጨርሳል፤ የዘገየ ከመሬቱ ጋር ይላተማል። በጎን እየተንሸራተተ የወረደ ደግሞ እግሩ ይሰበራል፤ አለዚያም ይገለበጣል። ተጫዋቹ ቀስ በቀስ የሚገባው ነገር ቢኖር የማረፉ ነገር የሚወሰነው ገና ከመነሣቱ በፊት፣ ነዳጅ ሲሰፈር መሆኑን ነው። በሐምሌ 1969 አርምስትሮንግ ጨረቃ ላይ ሲያርፍ የማረፊያ ነዳጁ ከአንድ ደቂቃ በላይ የሚያቆየው አልነበረም።

ይህን ስጫወት ደጋግሞ ትዝ የሚለኝ ከጎንደር ወደ መተማ የሚወስደው መንገድ ነው። ጎንደር ከባሕር ወለል በላይ ከ2,100 ሜትር ከፍ ትላለች፤ መተማ ዮሐንስ 700 ሜትር ገደማ ላይ ናት። በአይከልና በነጋዴ ባሕር በኩል አድርጎ ወደ ገንዳ ውኃ፣ ከዚያም ወደ ሱዳን ድንበር ጭነት ይዞ የሚወርድ ሾፌር ፍሬኑን ያለማቋረጥ ረግጦ አይሄድም። ቁልቁለቱ ሳይጀምር በከባድ ማርሽ ይገባል፤ መኪናውን በሞተሩ ይይዘዋል፤ ፍሬኑን ለጭንቅ ጊዜ ያስቀምጠዋል። ፍሬን ሲግል መያዝ እንደሚተው ያውቃልና። በጨዋታው ውስጥም ወደ ኬርቢን የሚመለስ መንኮራኩር ከ70 ኪሎ ሜትር በታች አየር ውስጥ ሲገባ እንደዚሁ ይግላል። የፍሬኑም የመንኮራኩሩም ግለት ምክንያቱ አንድ ነው፦ ከፍታ ወደ ፍጥነት፣ ፍጥነት ወደ ሙቀት ይለወጣል እንጂ የትም አይጠፋም። የቆላውን መንገድ የሚያውቅ ሾፌር የዚህን ጨዋታ ዋና ትምህርት ያለ ኮምፒዩተር ተምሮታል።

የማረፍ ጨዋታ የተጀመረው በኬርባል አይደለም። አፖሎ 11 ጨረቃ ላይ ባረፈችበት በ1969 መጸው፣ ጂም ስቶረር የተባለ አሜሪካዊ የሁለተኛ ደረጃ ተማሪ ሥዕል የሌለው፣ በቁጥር ብቻ የሚመልስ የማረፊያ ጨዋታ ጽፎ ነበር። ተጫዋቹ በየዐሥር ሰከንዱ ምን ያህል ነዳጅ እንደሚያቃጥል ይጠየቃል፤ ከዚያ ዕጣውን ይጠብቃል። በ2024 አንድ የኮምፒዩተር ባለሙያ ያንን ፕሮግራም ሲመረምር ከቀመሩ ውስጥ ለሁለት ማካፈል የተረሳበት ቦታ አገኘ። ጉድለቱ ጠጋኝ እስኪያገኝ 55 ዓመት ጠብቋል ማለት ነው።

እንግዲህ ወደ ጥገና ከመጣን ዘንድ ምስጋናዬን እዚህ ላይ ልግታ። በታኅሣሥ 2020 ከወጣው እትም ወዲህ የመንኮራኩር እግር ሲሰበር መሐንዲሱ ጠፈርተኛ የጥገና ሣጥን ይዞ ይወጣል፤ ተጫዋቹ አንድ ቁልፍ ይጫናል፤ እግሩ እንደ አዲስ ይሆናል። ከሣጥኑ ቁጥር አንድ ይቀነሳል። ይህ የዕቃ ግምጃ ቤት ሒሳብ ነው፤ ጥገና ብዬ ልጠራው አልችልም። የማረፉን ጣር እስከ መጨረሻው ሜትር ያከበረ ሥራ ጥገናን በአንድ ጣት ጨርሶታል።

የእውነተኛው የኅዋ ታሪክ የሚነግረን ሌላ ነው። አርምስትሮንግና ኦልድሪን ከጨረቃ ሊነሡ ሲሉ የመነሻ ሞተሩን ኤሌክትሪክ የሚያገናኘው ማብሪያ ተሰብሮ ተገኘ፤ ኦልድሪን በእስክሪብቶ ጫፍ ገፍቶ አስገባው። በሚያዝያ 1970 የአፖሎ 13 ተጓዦች ከተቃጠለ አየር የተረፉት አራት ማዕዘን ማጣሪያውን ለክብ ቀዳዳ በተሠራው ሥርዓት ላይ በፕላስቲክ ከረጢት፣ በካርቶንና በፕላስተር ስላጋጠሙት ነው። እስክሪብቶው ለመጻፍ፣ ካርቶኑም ለሌላ ጉዳይ የተሠራ ነበር። ጥገና የሚጀምረው አንድ ዕቃ ከተሠራበት ሌላ ምን ሊሆን እንደሚችል ማየት ሲቻል ነው።

ለዚህ ዓይን መተማ እንግዳ አይደለችም። በሰሊጥ አጨዳ ወራት፣ ትራክተሩም የጭነት መኪናውም እረፍት በማያውቅበት ሰሞን፣ መለዋወጫ ከሩቅ እስኪመጣ የሚጠብቅ ጭነት ያለው ሰው የለም። የፈነዳ ካላማዳሪ ተቀድዶ ማሰሪያ ይሆናል፤ ከጥገና ያለፈ ባሌስትራ እንኳ ቀጥቃጭ ዘንድ ደርሶ ቢላ ይሆናል። በዚያ ሙቀት ከመኪና ሥር በጀርባው የተኛው ረዳት የትኛው ድምፅ የምን ሕመም እንደሆነ በጆሮው ይለያል። በኬርባል ዓለም ግን እያንዳንዱ ዕቃ አንድ ትርጉም ብቻ አለው።

ፍርዴ ሚዛን እንዳይስት አንድ ነገር ልጨምር። ነዳጅ ያለቀበት መንኮራኩር ምሕዋር ላይ ሲቀር ተጫዋቾች ጠፈርተኛውን ያስወጡና በጀርባው ባለችው ትንሽ ሞተር መንኮራኩሩን በእጁ እያስገፉ ወደ ቤቱ ይመልሱታል። ይህን ብልሃት የሰጣቸው የኒውተን ሕግ ነው፤ የጥገና ሣጥን አላስፈለጋቸውም። የጨዋታው ምርጥ ጥገና ያለው የጥገና ቁልፍ በሌለበት ቦታ ነው ማለት ነው። ሠሪዎቹ ከዚህ መማር ነበረባቸው። በየካቲት 2023 ሳያልቅ ለገበያ የቀረበው ሁለተኛው ኬርባል ግን ገና በጉድለት እንደተሞላ በ2024 ስቱዲዮው ተዘጋ። ስለ ማረፍ ያስተማሩን ሰዎች ሥራ ማረፊያ አጣ።

ነገሩ እኛንም ይነካናል። ታኅሣሥ 10 ቀን 2012 ዓ.ም. የመጀመሪያዋ ሳተላይታችን ኢ.ቲ.አር.ኤስ.ኤስ. 1 ከቻይናው ታይዩዋን ስትመጥቅ ተደስተናል፤ ደስታውም ይገባ ነበር። ነገር ግን መምጠቅ የአንድ ማለዳ ሥራ ነው። ከዚያ በኋላ ያለው ዘመን የጠባቂ፣ የአራሚና የጠጋኝ ነው። ለእነዚህ ሰዎች የምንሰጠው ክብር ሮኬት ከሚተኩሰው እስካነሰ ድረስ የሌላ ሰው ዕቃ ተሳፋሪዎች ሆነን እንቀራለን።

ስለዚህ ጨዋታውን ለልጆቻችሁ ስጧቸው እላለሁ፤ ቁልቁለትን እንዲያከብሩ ያስተምራቸዋል። ጥገናን ለመማር ግን ኮምፒዩተሩን ይዝጉና በሰፈራቸው ወዳለው ጋራዥ ይሂዱ፤ እጃቸው ግራሶ ይንካ።