ስለ ፕላን ናይን ፕሮግራሞች ወደ ሌላ ሥርዓት መሻገር

ተጠቃሚው ጥቂት የሆነ ኦፕሬቲንግ ሲስተም ምርጥ ምርጥ ፕሮግራሞቹ ተወስደው በሌላ ሥርዓት ላይ መሥራት የጀመሩ እንደ ሆነ፥ ሰው ወደ እርሱ የሚመጣበት ምክንያት ስለሚጠፋ መሻገሩ ሞቱን ያፋጥነዋል የሚል ዐሳብ ከተማሪዎች መካከል ሲነገር እንሰማለን። ዐሳቡ የሚናቅ አይደለም። ሆኖም በአንድ በታወቀ ምሳሌ ሳይፈተን የሚደጋገም ስለ ሆነ፥ እኛ በፕላን ናይን ልንመረምረው ወደድን። (ዓመታቱ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ፕላን ናይን ዩኒክስ በተወለደበት በቤል ላቦራቶሪ የተሠራ ሥርዓት ነው። በ1992 ለዩኒቨርሲቲዎች ተሰጠ፤ በ1995 ለገበያ ቀረበ፤ ምንጭ ኮዱ ለሁሉ የተከፈተው ግን በ2000 ነው። ከዚያ በኋላ ረስ ኮክስ ብዙዎቹን ፕሮግራሞች በሊኑክስና በማክ ላይ እንዲሠሩ አድርጎ አሻገራቸው። አክሜ የተባለው የጽሑፍ ማዘጋጃ፥ ታላቅ ወንድሙ ሳም፥ አርሲ የተባለው ሼልም አብረው ተሻገሩ። (ሳም ግን ፕላን ናይን ሳይኖር በዩኒክስ ላይ የተጻፈ ስለ ሆነ፥ ወደ አገሩ ተመለሰ ቢባል ይሻላል።)

እንግዲህ የተሻገረው ምንድር ነው? ፕላን ናይንን ፕላን ናይን ያሰኘው፥ መስኮቱም ኔትወርኩም እንደ ፋይል መታየቱና እያንዳንዱ ፕሮግራም ለራሱ የሚስማማ የፋይል ዛፍ ሊሠራ መቻሉ ነው። አክሜ በገዛ ቤቱ ሲሠራ መስኮቶቹ ፋይሎች ስለ ሆኑ፥ ማናቸውም ተራ ትእዛዝ ያነባቸዋል፥ ይጽፍባቸዋልም። በሊኑክስ ላይ ግን ይህንኑ ለማድረግ ብዙውን ጊዜ ናይንፒ የተባለ አማላጅ ትእዛዝ ያስፈልጋል። መልኩ ሄደ፤ ጠባዩ በከፊል ቀረ። አክሜን በሊኑክስ የለመደ ሰው ይህ አማላጅ ለምን እንዳስፈለገው ቢጠይቅ መልሱን የሚያገኘው በፕላን ናይን ነው።

ይህን ስንል ተቃራኒው ወገን ፈጽሞ ተሳስቷል ማለታችን አይደለም። አክሜን በሊኑክስ አግኝቶ የረካ ፕሮግራመር ለፕላን ናይን ድራይቨር አይጽፍም፤ ይህ እውነተኛ ጉዳት ነው። ነገር ግን መሻገሩ ባይኖር ኖሮ ሰውየው ይመጣ ነበርን? የተሟላ ብራውዘር፥ ላፕቶፑንም የሚያውቅ ድራይቨር ወደሌለበት ቤት ለአንድ ጽሑፍ ማዘጋጃ ሲል የሚገባ ጥቂት ነው። የዓመታቱም ቅደም ተከተል ይመሰክራል፤ ከ1992 እስከ 2000 ድረስ ኮዱ በጠባብ ፈቃድ ታስሮ ሳለ፥ ሊኑክስ በነፃ እየተሰራጨ ሜዳውን ያዘ። ዋናው ጉዳት የደረሰው ከመሻገሩ በፊት ነው። ከመሻገሩ በኋላማ ናይንፍሮንት የተባለው ቅርንጫፍ በ2011 ተነሥቶ እስከ ዛሬ ይሠራል፤ በ2021ም ኮዱ ወደ ፕላን ናይን ፋውንዴሽን ተላልፎ በላላ ፈቃድ ወጣ።

እኛን የሚያስፈራን ሌላው መንገድ ነው። በ1992 የወጣው የአይቢኤም ኦኤስ ቱ 2.0 የዊንዶውስን ፕሮግራሞች ተቀብሎ ያሠራ ነበር። ለዊንዶውስ የተጻፈው በኦኤስ ቱም የሚሠራ ከሆነ፥ ለኦኤስ ቱ ብቻ መጻፍ ለኩባንያዎች ምን ትርፍ ነበረው? ለውድቀቱ ሌላም ምክንያት አለ፤ አይቢኤም በ2006 መጨረሻ ድጋፉን ሲያቆም ግን ለእርሱ ብቻ ተብሎ የተጻፈው ፕሮግራም ጥቂት ነበር።

ከፕላን ናይን ከተሻገሩት ሁሉ የበለጠው ፕሮግራም አይደለም። ፊደላት በኮምፒዩተር የሚጻፉበትን ዩቲኤፍ ኤይት የተባለ ኮድ ኬን ቶምሰንና ሮብ ፓይክ በ1992 ለፕላን ናይን ብለው አወጡት። የግእዝ ፊደል በ1999 በዩኒኮድ 3.0 ከገባ ወዲህ፥ እያንዳንዱ ፊደል በሦስት ባይት ተጽፎ ዓለምን የሚዞረው በዚሁ ኮድ ነው። በአማርኛ መልእክት ከሚለዋወጡት መካከል የፕላን ናይንን ስም የሰማ ጥቂት ነው፤ ይህም ለሥርዓቱ ኪሳራ ሊባል ይችላል። ዩቲኤፍ ኤይትን በቤት አስቀርቶ ፕላን ናይንን ማዳን ይቻል ነበር የሚል ካለ ግን፥ በምን መንገድ እንደ ሆነ ጽፎ ቢያሳየን በሚቀጥለው እትም እንወያይበታለን።