«ተከሰከሰ» ወይስ «አልነሣም አለ»? ስለ ስርዓተ ክወና እክል አሰያየም የቀረበ ሂስ

የአንድ ስያሜ ብቃት የሚለካው በድምፁ ማማር ወይም ከባዕዱ ቃል ጋር በመግጠሙ ሳይሆን፣ ሰሚውን ወደ ትክክለኛው ተግባር በመምራቱ ነው። በዚህ መለኪያ ሲታዩ፣ አዲስ ከርነል ከተጫነ በኋላ በስርዓተ ክወና ላይ የሚደርሰውን እክል ለመግለጽ ሊቀርቡ የሚችሉት አቻ ቃላት ሁሉ እኩል አይደሉም።

በመጀመሪያ ከርነልን እንመልከት። የእንግሊዝኛው ቃል በልባስ ውስጥ ያለውን ፍሬ ያመለክታል፤ ተጠቃሚው ትእዛዝ የሚሰጥበት ክፍልም «ሼል»፣ ማለት ልባስ፣ ተብሏል። «ፍሬ» ብንለው ጥንዱ «ገለባ» ይሆናል፤ ገለባ ግን በአማርኛ የከንቱ ነገር መጠሪያ ነው። «አስኳል» ብንለው «ቅርፊት» አብሮት ይመጣል፤ ሁለቱም ከእንቁላል የተወሰዱ ናቸውና ጥንድነታቸው አይፈርስም። ስለዚህ «አስኳል»ን እንመርጣለን።

ከባዱ ችግር ያለው በግሡ ላይ ነው። «ክራሽ»ን «ተከሰከሰ» ማለት የአውሮፕላንን አደጋ ያስታውሳል፤ ከተከሰከሰ ነገር የሚተርፈው ስብርባሪ ብቻ ነው። ይህን ያነበበ ሰው ተስፋ ቈርጦ ዲስኩን ይደመስሳል፤ ሰነዶቹም አብረው ይጠፋሉ። እውነታው ግን ሌላ ነው። ብዙዎቹ የሊኑክስ ስርጭቶች አዲሱን አስኳል ሲጭኑ የቀድሞውን ወዲያው አያጠፉም፤ ለምሳሌ ፌዶራ ካልተለወጠ በቀር 3 ያህል ያስቀምጣል። ከማስነሻው ዝርዝር የቀድሞውን መርጦ መግባት፣ የማስነሻው ክፍል ሞልቶ እንደ ሆነ መመርመር፣ ድራይቨሮቹ ለአዲሱ አስኳል መዘጋጀታቸውን ማረጋገጥ ይቻላል። በሐምሌ 12 ቀን 2016 ዓ.ም. ክራውድስትራይክ ባሰራጨው ጕድለት ያለበት ፋይል ምክንያት 8.5 ሚሊዮን ያህል የዊንዶውስ ኮምፒዩተሮች ሥራ ባቆሙ ጊዜ እንኳ፣ ዋናው መፍትሔ ያን ፋይል ማስወገድ ነበር።

«ብልሽት» የሚለውም ቃል ሁሉን ስለሚያቅፍ ምንም አይለይም። አማርኛ ግን መለየት አያንሰውም። በደቡብ ጎንደር፣ በጋይንት፣ በስማዳና በእስቴ፣ እንደ ሌላውም የአማርኛ አገር ሁሉ፣ ገበሬ ስለ ሰብሉ ሲናገር «ተበላሸ» ብሎ አያልፍም። ዘሩ ከመሬት ካልወጣ «አልበቀለም»፣ ወጥቶ ማደግ ካቃተው «ቀጨጨ»፣ አድጎ ፍሬ ካልያዘ «መከነ» ይላል። ያልበቀለው ጊዜው ካላለፈ እንደ ገና ይዘራል፤ የመከነው ግን ለከብት መኖ ይታጨዳል። ቃሉ ራሱ ቀጥሎ የሚሠራውን ያመለክታል።

እኛም ይህንኑ መንገድ ብንከተል ይበጃል። ኮምፒዩተሩ ገና ከጅምሩ እንቢ ሲል «አልነሣም አለ»፣ በሥራ ላይ ሳለ ሲደርቅ «ቀጥ አለ» ይባል። «ከርነል ፓኒክ»ንም «ድንጋጤ» ማለት ያሳስታል፤ አስኳሉ በደኅና ሊወጣው የማይችለው ስሕተት ሲገጥመው ጥፋቱ እንዳይብስ ሥራውን ያቆማልና፣ «አስኳሉ ራሱን ገታ» ቢባል ይቀናል። ተርጓሚ ቃል ከመምረጡ አስቀድሞ «ይህን ያነበበ ሰው ቀጥሎ ምን ያደርጋል?» ብሎ ይጠይቅ።