የአጣሪው እጅ

የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ወሲባዊ ትንኮሳን የሚተረጉመው በአንዲት አጭር ንዑስ አንቀጽ ነው። ፍሬ ነገሩ፦ ሰው ያለ ፈቃዱ ለወሲብ እሺ እንዲል በንግግር፣ በምልክት ወይም በማናቸውም ሌላ መንገድ ማግባባት ትንኮሳ ነው። ተከታዩ ንዑስ አንቀጽ ኃይል ወይም የኃይል ሙከራ ሲታከልበት ጥቃት ይለዋል። ሁለተኛው በመጀመሪያው ላይ ስለቆመ፣ «ነክቶሻል ወይ?» የሚለው ጥያቄ ጥፋት መኖር አለመኖሩን አይወስንም፤ ክብደቱን ነው የሚለካው። ያረቀቀው ሰው ሙያውን ያውቃል። አንድ ቦታ ላይ ግን ሳስቷል፤ ምንም ሳይፈልግ ለማዋረድ ብቻ የሚቀልድ አለቃ በዚህ ትርጓሜ ሥር ሊሾልክ ይችላል።

ሀይሌ ጋርመንት አካባቢ ልብስ ስትሰፋ የምትውል ሴትና በግል ኮሌጅ ሬጅስትራር ክፍል የምትሠራ ሴት በዚሁ አዋጅ እኩል ይዳኛሉ። አሠሪው ወይም የሥራ መሪው ከተነኮሳት ያለ ማስጠንቀቂያ ሥራዋን ትታ የቀን ደመወዟን 90 እጥፍ ካሳ መጠየቅ ትችላለች፤ በሌላ የአሠሪ ጥፋት የሚለቅ ሠራተኛ ካሳው 30 እጥፍ ነው። የመንግሥት ዩኒቨርሲቲ ሠራተኛም የሲቪል ሰርቪስ ሕግ አለላት። ተማሪዋስ? ደመወዝ ስለሌላት በደመወዝ የሚሰፈር ካሳ የላትም። የቀራት የከፍተኛ ትምህርት አዋጅ ቁጥር 1152/2011፣ የተቋሙ ደንብና አቤቱታዋን የሚያጣራው ሰው እጅ ነው።

ያ እጅ ሲሠለጥን ማየት ደስ ይላል። ድሮ ሌባ ሲጠፋ አገሬው አውጫጭኝ ይቀመጥ ነበር፤ ጥፋተኛው እስኪወጣ ማንም ወደ ቤቱ አይሄድም። ለትንኮሳ ይህ አይሆንም፤ ከሳሿ በአደባባይ ዳግም ትጎዳለችና። ጥሩ አጣሪ በሩን ይዘጋል፣ «ከመጀመሪያው ጀምረሽ ንገሪኝ» ይላል፣ ከዚያ ዝም ይላል። «ለምን አልጮኽሽም?» አይልም። ቃሏንም ወደ ቢሮ ቋንቋ አይለውጠውም። «ውጤትሽ በእኔ እጅ ነው አለኝ» ብላ ከሆነ መዝገቡ ላይ የሚሰፍረው ይኸው ነው እንጂ «ተገቢ ያልሆነ ንግግር ተናግሯል» የሚለው አይደለም፤ በኋለኛው ተከሳሹ የሚያስተባብለው ነገር እንኳ አያገኝም።

የሰዓቱ ነገር ደግሞ አለ። ተማሪዋ «ጥር 10፣ ማታ 2 ሰዓት ላይ ጻፈልኝ» ትላለች፤ የስልኳ ቴሌግራም ጃንዋሪ 18፣ 8 ሰዓት ይላል። ችኩል ኮሚቴ ቃሏ እርስ በርሱ ይጋጫል ብሎ ይጽፋል። ጠንቃቃው ሁለቱንም አቆጣጠር ጎን ለጎን አስፍሮ፣ ቀኑ የከተራ ዕለት መሆኑን ጨምሮ ያልፋል። በዚህች አንዲት መስመር ስንት መዝገብ ይተርፋል!

ከዚያ ለተከሰሰው መምህር ክሱ ተሸራርፎ ሳይሆን በሙሉ ይሰጠዋል፤ መልሱና ምስክሮቹም በዚያው ጥንቃቄ ይሰማሉ። ይህን ለተከሳሽ የሚደረግ ውለታ አድርገው የሚያዩት አሉ። እኔ አይመስለኝም፤ ያልተሰማ ሰው ይግባኝ ሲል ውሳኔው የሚፈርሰው በከሳሿ ላይ ነው።

የመድልዎ አቤቱታ ይበልጥ ስስ ነው፤ «በቋንቋዬ ምክንያት ቀነሰብኝ» የሚል ተማሪ ብዙ ጊዜ የሚያሳየው መልእክት የለውም። እዚህ ላይ ብልሃቱ የእርሱንም የሌሎችንም የፈተና ወረቀት ስም ሸፍኖ ለሌላ መምህር ማሳረም ነው። የተገኘው ልዩነት ብቻውን መድልዎን አያረጋግጥም፤ ግን መምህሩ ማስረዳት ያለበትን ቦታ ያሳያል። የሪፖርቱ ማጠቃለያም «አልተረጋገጠም» ሲል «ዋሽቷል» ማለቱ እንዳልሆነ ለይቶ ይጽፋል።

ከሁሉ የማደንቀው ግን ሥራው ገና ሲጀመር የምትወጣውን ግማሽ ገጽ ደብዳቤ ነው፦ ማጣራቱ እስኪያልቅ የተማሪዋን ወረቀት ሌላ መምህር ያርማል፣ የመመረቂያ ጽሑፏንም ሌላ አማካሪ ይይዛል፤ እሷ ክፍሏንም ሆነ ፕሮግራሟን አትቀይርም።