በጂ ወይስ በቢ ፍላት? ስለ አሜሪካ የከበሮና የመለከት ጓዶች መሣሪያ የቀረበ ሒስ

ባለፈው ሴሚስተር የሙዚቃ ክበባችን ባዘጋጀው የማድመጥ ምሽት ከአሜሪካ የከበሮና የመለከት ጓዶች ጨዋታ ሁለት ቅጂዎች ተሰምተው ነበር። አንደኛው ጋርፊልድ ካዴትስ የተባለው ጓድ በ1984 ዓ.ም. (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመቶች ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው) «ዌስት ሳይድ ስቶሪ» ከተባለው ድርሰት ወስዶ የተጫወተውና በዚያው ዓመት ሻምፒዮን የኾነበት ነው፤ ሁለተኛው ከ2000 ዓ.ም. ወዲህ የተቀዳ ነው። ቅጂዎቹ ካለቁ በኋላ ክርክር ተነሣ። አንዱ ባልንጀራችን «እውነተኛው ድምፅ የፊተኛው ነው፤ በ2000 ዓ.ም. የጂ መለከት ቀርቶ የቢ ፍላት ሲገባ ጥበቡ ሞተ» አለ። ሌላው ደግሞ «መሣሪያው ምን አደረገ? ልዩነቱ ያለው በሚነፋው ሰው ነው» ሲል መለሰለት። ሦስተኛውም «ዋናው የብር ቅቡ ነው፤ ብር ድምፅን ያጠራል» ብሎ ጨመረበት። እኔ በዚያ ምሽት ዝም ብዬ ነበር፤ ነገሩን አልመረመርኩትምና። አሁን ግን ሦስቱም እንደ ተሳሳቱ ለማስረዳት እሞክራለሁ።

እነዚህ ጓዶች ከአንደኛው የዓለም ጦርነት በኋላ የተስፋፉ ናቸው። በ1919 ዓ.ም. የተቋቋመው የአሜሪካ ሌጅዮንና እርሱን የመሰሉ የዘማቾች ማኅበራት በየከተማው እያቋቋሙ ያሠለጥኗቸው ነበር። እንጨት ነክ የትንፋሽ መሣሪያ፣ ማለት ክላርኔትና ዋሽንት፣ በመካከላቸው የለም፤ ዋና መሣሪያዎቻቸው ነሐስና ከበሮ ናቸው፤ የሚጫወቱትም በእግር ኳስ ሜዳ ላይ እየተሰለፉና ቅርጽ እየሠሩ ነው። ወጣቶቹ ጓዶች ከ1972 ዓ.ም. ጀምሮ ድራም ኮር ኢንተርናሽናል በተባለው ድርጅት ሥር ይወዳደራሉ። በአገራችን ነሐስ ሲባል የሚታሰበን በ1924 ዓ.ም. ከኢየሩሳሌም የመጡት አርባዎቹ የአርመን ልጆች ወይም የጦር ሠራዊት ማርሽ ባንድ ስለ ኾነ፣ አንባቢ ይህን ልዩነት አስቀድሞ ቢይዝ መልካም ነው። የማርሽ ባንድ እንጨቱንም ነሐሱንም ያቀላቅላል፤ እነዚህ ግን የሠፈር ጥሩምባን ወስደው ሙሉ ኦርኬስትራ ሊያደርጉት የተነሡ ሰዎች ናቸው። ችግሩም፣ ጥበቡም የመጣው ከዚህ ነው።

የአሜሪካ ጦር የሠፈር ጥሩምባ በጂ የተቃኘ ነበር። ቫልቭ ስለሌለው የሚሰጠው ቱቦው በተፈጥሮው የሚያወጣቸውን ድምፆች ብቻ ነው። ጂን «ዶ» ብንለው፣ ከታች በኩል ዶ፣ ሶል፣ ዶ፣ ሚ፣ ሶል ይገኛል፤ የ«ተነሥ» ጥሪ በዚህ ይነፋል፣ መዝሙር ግን አይነፋም። በኋላ አንድ ቫልቭ ተጨመረ። ይህ ቫልቭ ቱቦውን አስረዝሞ ከጂ ወደ ዲ፣ ማለት አራት ደረጃ ወደ ታች ያወርደዋል። አሁን ሁለት የተፈጥሮ ድምፅ ረድፎች በአንድ ሰው እጅ ገቡ ማለት ነው። ምን ተገኘ? በወረቀት ላይ አስልቼዋለሁ። በላይኛው ኦክታቭ ሰባቱም ድምፆች ይሟላሉ፤ ጉድለቱ «ፋ» ትንሽ ዝቅ ማለቱ ነው። በታችኛው ኦክታቭ ግን ዶ፣ ሬ፣ ሶል፣ ሲ ብቻ ይወጣሉ፤ ሚ፣ ፋ፣ ላ የሉም። እንግዲህ ሶፕራኖ የሚነፋው ልጅ ወደ ታች በወረደ ቁጥር ከአፉ ቃል ይጎድልበታል።

እዚህ ላይ ጥቂት ልቆይ፤ የክርክሩ ፍሬ ያለው እዚህ ነውና። ባሪቶን የተባለው መለከት ከሶፕራኖው አንድ ኦክታቭ ዝቅ ይላል፣ ቅኝቱ ግን ያው ጂ ነው። ስለዚህ ሶፕራኖው በታችኛው ኦክታቭ ያጣውን ድምፅ ባሪቶኑ በላይኛው ኦክታቭ ያገኘዋል፤ ሁለቱም የሚሰሙት በአንድ ከፍታ ነው። ሙዚቃውን የሚያቀናብረው ሰው ዜማውን አንዱ ከሚያጣበት ቦታ ላይ ነጥቆ ለሌላው ይሰጣል፤ ሌላውም ተቀብሎ ይመልሳል። ከልጅነታችን በማኅበር ስንዘምር አንዱ ትንፋሽ ሲያጥረው ሌላው እንደሚቀበለው ማለት ነው። የዜማው ባለቤት አንድ ሰው ሳይኾን ሰልፉ በሙሉ ይኾናል።

በ1977 ዓ.ም. ደንቡ ሁለት ቫልቭ ፈቀደ፤ አንዱ ሙሉ ድምፅ፣ አንዱ ግማሽ ድምፅ የሚያወርድ። ከዚህም በኋላ ቢኾን በታችኛው ኦክታቭ ካሉት ዐሥራ ሁለት ግማሽ ድምፆች አራቱ አይገኙም ነበር፤ ከአራቱ አንዱ ተራው «ሬ» ነው። እንግዲህ በማድመጥ ምሽታችን የሰማነው የ1984 ዓ.ም. ጨዋታ የተነፋው በእነዚህ ጎደሎ መሣሪያዎች ነው። ያው ጓድ በ1987 ዓ.ም. የኮፕላንድን «አፓላቺያን ስፕሪንግ» ተጫውቶ እንደገና ሻምፒዮን ሲኾንም መሣሪያው ያው ነበር። ኮፕላንድ የሠፈር ጥሩምባ ታስቦት የጻፈው አንድም መስመር የለም፤ ይሁንና ቅንብሩ ሲሰማ የጎደለው ድምፅ የት ላይ እንደ ኾነ ጆሮ አይለየውም። ባልንጀራችን «እውነተኛ ድምፅ» ያለው፣ በእኔ ግምት፣ ይህን ዜማ የመቀባበል ነገር ነው። እርሱ ግን የጂ ቅኝት መሰለው።

በ1990 ዓ.ም. ሦስተኛው ቫልቭ ሲፈቀድ ይህ ሁሉ አበቃ። ሦስት ቫልቭ ያለው የጂ መለከት እንደ ማናቸውም ትራምፔት ሁሉንም ድምፅ ይሰጣል፤ አቀናባሪው ዜማውን ለአንዱ ሰጥቶ እስከ መጨረሻ ሊተውለት ይችላል። ስለዚህ በጽሑፉ ላይ ለውጥ የመጣው በ1977ና በ1990 ነው እንጂ በ2000 አይደለም። በ2000 ዓ.ም. የኾነው፣ አፉ ወደ ፊት የዞረ እስከ ኾነ ድረስ በማናቸውም ቅኝት የተሠራ የነሐስ መሣሪያ እንዲገባ መፈቀዱ ነው። ጥበቡን በ2000 ዓ.ም. ሞተ የሚል ሰው የቀብሩን ቀን በዐሥር ዓመት አሳስቷል።

የ2000ው ለውጥ ምክንያት በአብዛኛው የገንዘብ እንደ ነበረ መካድ አይቻልም፤ እኔም አላፍርበትም። የጂ መለከት ከነዚህ ጓዶች ውጭ ገዢ የለውም። የሚሠሩለትም ጥቂቶች ነበሩ፤ በካሊፎርኒያ ካንስቱል፣ በዊስኮንሲን ደግሞ ዲ.ኢ.ጂ. በዳይነስቲ ስም የሚሠራው። የቢ ፍላት ትራምፔት ግን በአሜሪካ በየትምህርት ቤቱ አለ፤ ያማሃና ኪንግ የመሳሰሉት ይሠሩታል፣ ጓዱም ከተገለገለበት በኋላ ለትምህርት ቤት ይሸጠዋል። መሣሪያ ለመግዛት ኬክ እየሸጠ ገንዘብ ለሚሰበስብ ጓድ ይህ ቀላል ነገር አይደለም።

ታዲያ ቅኝቱ ራሱ ምንም ለውጥ አላመጣም ወይ? አምጥቷል፤ ሁለተኛው ተከራካሪ የሳተው ይህን ነው። የቢ ፍላት ትራምፔት ቱቦ 1 ሜትር ከ48 ሳንቲ ሜትር ያህል ሲኾን የጂው ሶፕራኖ 1 ሜትር ከ75 ያህል ይደርሳል። ሁለቱ አንድ ከፍ ያለ ድምፅ እኩል ቢነፉ፣ የጂው ነፊ በቱቦው የተፈጥሮ ድምፆች መሰላል ላይ ከፍ ብሎ መቆም አለበት፤ በዚያ ላይ መወጣጫዎቹ እርስ በርሳቸው የተቀራረቡ ስለ ኾኑ ከንፈሩ ትንሽ ቢዘነጋ ጎረቤቱን ድምፅ ይመታል። በቀድሞዎቹ ቅጂዎች አልፎ አልፎ የሚሰማው መሰንጠቅ ከዚህ የመጣ ነው፤ የነፊው ስንፍና አይደለም።

ሌላም አለ። በጂው ዘመን ከሶፕራኖ እስከ ትከሻ ላይ እስከሚሸከሙት ኮንትራባስ ድረስ ቅኝቱ አንድ ነበር፤ የጣት አያያዙም፣ የሚያነቡት ኖታም አንድ ነበር። ዛሬ ሶፕራኖ ይነፋ የነበረ ልጅ ነገ ባሪቶን ቢሰጡት አዲስ ነገር አይማርም። ሁሉም ቫልቭ ሳይጫኑ የጂን ሜጀር አኮርድ ሲነፉ ከላይ እስከ ታች ያሉት ቱቦዎች ሁሉ ባዶ ናቸው፤ አንድ ቤተ ሰብ በአንድ ስም ሲጠራ እንደ ማለት ነው። አሁን ግን ትራምፔቱና ባሪቶኑ ቢ ፍላት፣ በመካከል ያለው ሜሎፎን ኤፍ ነው። ትራምፔቱ ባዶውን ሲነፋ የሚሰማውን ያንኑ ቢ ፍላት ሜሎፎኑ ቫልቭ ተጭኖ ያወጣዋል። ይህ ኪሳራ ነው እላለሁ፤ ግን ታናሽ ኪሳራ ነው። ካሣውም ቃናው ይበልጥ መስተካከሉ ነው።

የሰማናቸውን ሁለት ቅጂዎች አንዱን ከአንዱ ጋር አነጻጽሮ ስለ ቅኝት ብቻ መፍረድም በምርመራ ሥርዐት ተገቢ አይደለም። የአባላት ቁጥር ወሰን ለብዙ ዓመት 128 ነበር፤ በኋላ 150 ደርሷል፣ ከዚያም ዐልፏል። በ2004 ዓ.ም. የድምፅ ማጉያ ተፈቅዷል። የቀረጻው ማይክሮፎንም የሃያ ዓመት ልዩነት አለው። አንድ ነገር ብቻ ተለውጦ ሌላው ሁሉ ባለበት ቢቆም ነበር ማነጻጸሪያ የሚኾነው። የኬሚስትሪ ተማሪ በአንድ ብርጭቆ አምስት ነገር ቀላቅሎ ቀለሙን የለወጠው አምስተኛው ነው ቢል መምህሩ ምን እንደሚሉት እናውቃለን።

አሁን ወደ ብሩ ልምጣ። በዚህ ነገር ላይ የራሴ ቂም ስላለኝ አንባቢ ይታገሠኝ። በተማርኩበት የሚስዮን ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ከልዩ ልዩ በጎ አድራጊዎች የተሰበሰቡ የነሐስ መሣሪያዎች ነበሩን፤ አንድ አሮጌ የጂ ጥሩምባ፣ ጥቂት የቢ ፍላት ኮርኔቶች፣ አንድ የኢ ፍላት ሆርን። አንድ መዝሙር ለመጫወት መምህራችን በሦስት ቅኝት ለየብቻ ይጽፉልን ነበር። ከኮርኔቶቹ አንዱ በብር የተቀባ ነበር። እርሱ ለሌላ ልጅ ተሰጥቶ ለእኔ ቅቡ ተልጦ አረንጓዴ ዝገት የያዘው ደረሰኝ። ሁለት ዓመት ሙሉ ድምፄ የማያምረው በዚህ ምክንያት ነው ብዬ አመንኩ። አንድ ቀን መምህሩ ክርክራችን ሰልችቷቸው ሁለታችንንም ከበር ኋላ አቁመው፣ መሣሪያ እየተለዋወጥን አንድ ዜማ እንድንነፋ አዘዙን፤ እርሳቸውና ተማሪዎቹ ከውስጥ ኾነው የትኛው ብር እንደ ኾነ ይገምታሉ። የልጆቹ ግምት የተደበላለቀ ነበር። መምህሩ ራሳቸውም ሁለት ጊዜ ተሳሳቱ። በትክክል የለዩት አንድ ነገር ብቻ ነው፤ የቱን እኔ እንደ ነፋሁና የቱን ባልንጀራዬ እንደ ነፋ።

ከዚያ ወዲህ ምክንያቱን ተምሬዋለሁ። በነሐስ መሣሪያ ውስጥ ድምፅ የሚሰጠው የታሰረው የአየር ዐምድ ነው፤ ቅርጹን የሚወስነው የቱቦው ስፋት፣ የአፉ አከፋፈትና የከንፈር መያዣው ነው። የብር ቅብ ውፍረቱ ከሰው ፀጉር እጅግ ያነሰ ነው፤ የአየሩን ዐምድ ቅርጽ አይለውጥም። ሪቻርድ ስሚዝ የተባለ እንግሊዛዊ መሣሪያ ሠሪ በ1980ዎቹ ከዚህ የበለጠ ሙከራ አድርጓል፤ የነሐሱ ውፍረት እንኳ የተለያየ የትሮምቦን አፎችን ዐይናቸው ለተሸፈነ ነፊዎች ቢሰጣቸው መለየት አልቻሉም። ውፍረቱ ካልተለየ ቅቡ እንዴት ይለያል? በእኔ ትምህርት ቤት ባለ ብሩ ኮርኔት የተሻለ የመሰለው አዲስ ስለ ነበርና ቫልቮቹ ሳይያዙ ስለሚወርዱ ነው።

ይህን ስል ቅብ ከንቱ ነው ማለቴ አይደለም። ቫርኒሽ መሰሉ ላኬር ሲላጥ የእጅ ላብ ነሐሱን ይበላዋል፤ ሮዝ መልክ ያላቸው ነጠብጣቦች ሲታዩ ዚንኩ ከነሐሱ እየወጣ ነው ማለት ነው። ብር ደግሞ በአየር ውስጥ ባለው ድኝ ይጠቁራል፣ በየጊዜው መወልወል ይፈልጋል። በስታዲየም መብራት ሥር ግን ብር የተቀባ ሰልፍ ከሩቅ አንድ ነጭ መስመር ይመስላል፤ አፋቸውን ባንድነት ሲያነሡ የሚያበራው ብልጭታ ከጨዋታው የማይለይ ነው። የከበሮና የመለከት ጓድ በዐይንም የሚታይ ጥበብ ስለ ኾነ እነርሱ ብርን ቢመርጡ አልፈርድባቸውም። ሜዳ ላይ ሳይሰለፍ በአዳራሽ ተቀምጦ የሚጫወት ባንድ ግን ለዚህ ብልጭታ ገንዘብ የሚያወጣበት ምክንያት አይታየኝም።

ይህን የምጽፈው ለክርክር ብቻ አይደለም። የክበባችን ኮሚቴ ባወጣው የመሣሪያ መግዣ ዝርዝር ላይ አራት በብር የተቀቡ የቢ ፍላት ትራምፔቶች ሰፍረዋል፤ ባሪቶን የሚል ግን አንድም የለም። ቅኝቱን እደግፋለሁ፤ ከከተማው ባንዶች ኖታም መለዋወጫም የምንዋሰው በቢ ፍላት ስለ ኾነ። ነገር ግን አራት ሰዎች አንድ ዓይነት ድምፅ ይዘው ከታች የሚቀበላቸው ከሌለ፣ የ1984ቱን ጨዋታ ያስወደደን ነገር ከመጀመሪያው አይኖርም። ዝርዝሩ ከመጽደቁ በፊት የብር ቅቡ ቀርቶ ትራምፔቶቹ ባለ ላኬር እንዲኾኑ፣ ከአራቱም ሁለቱ በባሪቶን እንዲተኩ ኮሚቴውን እጠይቃለሁ።