«ቴክ» እና «ወሰደ»፦ ስለ አንድ ግስ አቻነት

የእንግሊዝኛው «ቴክ» በዕለት ተዕለት ንግግር እጅግ ከሚዘወተሩት ግሶች አንዱ ነው። ለተማሪ በሚዘጋጁ የቃላት ዝርዝሮች የመጀመሪያው፣ አንዳንዴም ብቸኛው አቻው «ወሰደ» ሆኖ ይገኛል። ይህ አቻነት ስሕተት ነው አንልም፤ ጎደሎ ነው እንላለን። ቮልፍ ሌስላው በ1973 እ.ኤ.አ. ያሳተሙት የእንግሊዝኛ–አማርኛ መዝገበ ቃላት ቃሉን በዐረፍተ ነገር ውስጥ የማሳየትን መንገድ የመረጠው ያለ ምክንያት አይደለም።

«ቴክ» ከጥንታዊው ኖርስ «ታካ» የመጣ ሲሆን፣ «ኒማን» የተባለውን ነባር የእንግሊዝኛ ግስ ቀስ በቀስ ተክቷል። የተተካው ግስ ርዝራዥ ዛሬ መደንዘዝን በሚገልጸው «ነም» ውስጥ ይገኛል፤ ጥሬ ፍቺውም «የተያዘ» ማለት ነው። (የኛም ሰው ወገቡን ሲያመው «ያዘኝ» ይላል።) «ወሰደ» ግን ከአንድ ስፍራ አንሥቶ ወደ ሌላ ማድረስ ነው። ከዚህ የተነሣ «ቴክ» በአማርኛ ለብዙ ግሶች ይከፋፈላል፦ ፎቶግራፍ ይነሣል፣ ወንበር ይያዛል፣ ምክር ይቀበሉታል፣ መንገድ ሁለት ቀን ይፈጃል።

አሁን አሁን «ጊዜ ይወስዳል» ሥር ሰዷል፤ እንንቀለው ማለት ከንቱ ድካም ነው። «ፈተና ወሰደ» ግን «ተፈተነ» እያለ ምን ሊጨምር መጣ? ከሁሉ የሚያሳስበን የመድኃኒት መመሪያ ነው። አማርኛ ኪኒን ይዋጣል፣ ሽሮፕ ይጠጣል፣ ቅባት ይቀባል ብሎ አጠቃቀሙን በግሱ ብቻ ያስታውቃል። «በቀን 3 ጊዜ ይውሰዱ» የሚል ትርጉም ይህን ማስጠንቀቂያ ይሰርዘዋል፤ ማንበብ ለሚከብደው በሽተኛም ሆነ ለአስታማሚው ጉዳቱ የቋንቋ ብቻ አይሆንም።

«እርምጃ ወሰደ» ደግሞ የተለየ ታሪክ አለው። በእንግሊዝኛው አምሳል የተቀረጸ ይመስለናል፤ ነገር ግን አማርኛ «-በት» የሚለውን የጉዳት አመልካች ሲቀጥልበት የራሱን ፍቺ አገኘ። በደርግ ዘመን፣ በተለይም በ1969 እና በ1970 ዓ.ም.፣ «አብዮታዊ እርምጃ ተወሰደባቸው» የተባሉት ሰዎች ተገድለዋል ማለት ነበር። የዚያን ዘመን ጽሑፍ ወደ እንግሊዝኛ የሚመልስ ተርጓሚ ሐረጉን በ«ቴክ» ቢመልሰው፣ ሞቱን ከገጹ ላይ ያጠፋዋል። ስለዚህ በመዝገበ ቃላት «ቴክ» ሥር «እርምጃ ወሰደ» ያለ ማብራሪያና ያለ ዘመን ምልክት እንዳይገባ እናሳስባለን።