የችቦው ብርሃንና የፎቶግራፍ አንሺው ዐይን

በምሥራቅ ጎጃም፥ በማቻከል ወረዳ፥ ከደብረ ማርቆስ ወደ ባሕር ዳር በሚወስደው መንገድ ላይ አማኑኤል የምትባል ከተማ አለች። ነሐሴ 12 ቀን፥ በቡሄ ዋዜማ፥ በዚያች ከተማ ልጆች በየደጁ ችቦ ሲለኩሱ የተነሡ ሦስት ፎቶግራፎች በፊቴ ተዘርግተዋል። ያነሣቸው ወዳጄ ነው። በወዳጅ ሥራ ላይ መፍረድ ደስ አያሰኝም፤ ነገር ግን ወዳጅን ያለ ቦታው ማመስገን ጠላት ከሚሰድበው ስድብ ይልቅ ይጎዳዋልና፥ ያየሁትን እናገራለሁ።

የመጀመሪያው በፍላሽ የተነሣ ነው። የልጁ ጋቢ የተቀደደበት ስፍራ፥ የቤቱ ግድግዳ ምርጊት፥ በእግሩ ሥር ያለው የክረምት ጭቃ አንድ በአንድ ይቆጠራል፤ እሳቱ ግን የለም። እሳት በሌሊት ውበቱ የሚታወቀው ጨለማው ዙሪያውን ከቦት፥ እርሱም የነካውን ብቻ ሲያሳይ ነውና፥ ነጩ ብልጭታ ሁሉን እኩል ባበራው ጊዜ በችቦው ጫፍ የቀረው ነገር ቢጫ ጨርቅ መሰለ። ስለዚህኛው ከዚህ በላይ መናገር አያሻም።

ሁለተኛው ብዙ ሰው የሚያደንቀው ነው። ወዳጄ ካሜራውን በሦስት እግር ላይ አቁሞ መዝጊያውን ለሁለት ሰከንድ ያህል ከፈተው፤ ልጁም ችቦውን በራሱ ላይ ባዞረው ጊዜ የእሳቱ ጉዞ የወርቅ ቀለበት ሆኖ ታተመ። ውብ መሆኑን አልክድም። ዳሩ ግን ልጁ ወዴት ሄደ? ሲንቀሳቀስ ስለ ነበረ እንደ ጢስ በኖ ጠፍቷል። ሙልሙሉን የጋገረች እናት፥ ጅራፍ ይዘው የቆሙት ጓደኞቹ፥ ጭራሮውን በልጥ ጠፍሮ ያሰረው እጅ፥ ሁሉም በዚያ ቀለበት ተውጠዋል። ይህን ሥዕል በየትም አገር ማንሣት ይቻላል።

በእርግጥ በሌላ አገር እሳት ማወናጨፍ እንጀራ የሆነላቸው ሰዎች አሉ። በሳሞኣ ደሴቶች በሁለት ጫፉ የሚነድ ቢላዋ የሚያሽከረክሩ ሰዎች ይህንኑ ሙያዬ ብለው ለዓመታት ይለማመዱታል፤ ሊታዩ ይወጣሉ፥ ለመታየታቸውም ይከፈላቸዋል። እንዲህ ያለው ሰው ፎቶግራፍ አንሺው «እንደ ገና አዙርልኝ» ቢለው ልኩን ያውቃል፤ ሲደክመውም እምቢ ይላል። የአማኑኤል ልጅ ግን ባለ በዓል እንጂ ባለ ትርኢት አይደለም። ችቦውን የለኰሰው አባቶቹ ስለ ለኰሱ ነው፤ በደብረ ታቦር የወረደው ብርሃን መታሰቢያ ነው ተብሎም ተነግሮታል። ትልቅ ሰው «ድገመው» ካለው ይደግማል፤ ታላቅን መታዘዝ ተምሯልና። የዚህ ዓይነት ፎቶግራፍ ዋነኛ ነውር የተደበቀው ከዚህ ላይ ይመስለኛል።

አሁን ወደ ሦስተኛው ልምጣ። ከሦስቱ የሚበልጠው ይህ ነው፤ ለመናገር የሚከብደኝም ይኸው ነው። የልጁ ፊት ከጨለማው ውስጥ እንደ ቀይ መዳብ ወጥቷል፤ በዐይኖቹ ውስጥ ሁለት ትንንሽ ነበልባሎች ይታያሉ። የእሳቱም ቀለም አልጠፋም። ብዙ ካሜራዎች በራሳቸው ፈቃድ ቅላቱን አጥበው ነጭ ሊያደርጉት ይሞክራሉ፤ ወዳጄ ይህን ዐውቆ ከልክሏል። ግን ያ ፊት እንዴት እንዲህ በራ?

የብርሃን ሕግ ግልጽ ነው። ከአንዲት ትንሽ ነበልባል ያለህ ርቀት እጥፍ ሲሆን የሚደርስህ ብርሃን ወደ ሩብ ይወርዳል። ካሜራውን ለነበልባሉ ብታስተካክለው ሰዎቹ ከሰል ይሆናሉ፤ ለሰዎቹ ብታስተካክለው ነበልባሉ ነጭ ጉድጓድ ይሆናል። ሁለቱን ለማስታረቅ አቋራጩ መንገድ ፊቱን ወደ እሳቱ ማስጠጋት ነው። ወዳጄም ይህንኑ ፈለገ። «ጠጋ በል፥ ጎበዝ፤ ጥቂት ጠጋ በል» ያልሁት ግን እኔ ነበርሁ፤ ሥዕሉ እንዲያምርለት ጓጉቼ። ሦስት ጊዜ አልሁት። በሦስተኛው የሹራቡ እጅጌ በእሳቱ ተለብልቦ ተኮማተረ። እጁን አልነካውም፤ ከቤት የወጡት አያቱ ግን ችቦውን ነጥቀው ጭቃው ላይ ከረገጡት በኋላ፥ «እናንተ ሰዎች፥ የፈለጋችሁት ልጁን ነው ወይስ እሳቱን?» አሉን። መልስ አልነበረንም።

ስለዚህ ሦስተኛውን ፎቶግራፍ ሳመሰግን ምስጋናዬ ንጹሕ አይደለም። አንዳንዶች «ሥዕሉን በሥዕልነቱ ፍረድ፥ እንዴት እንደ ተነሣ ምን አገባህ?» ይሉኛል። እኔ ግን የልጁን ዐይኖች ደጋግሜ ባየሁ ቁጥር በውስጣቸው ያለው ደስታ ብቻ እንዳልሆነ አስተውላለሁ፤ ከንፈሩ ተጨንቋል፥ አንገቱም ወደ ኋላ ሸሽቷል። ጥፋቱ ከሥዕሉ ውጭ ሳይሆን በሥዕሉ ውስጥ ነው።

ሌላ መንገድ አልነበረምን? ነበረ። በአገራችን ፀሐይ ከጠለቀች በኋላ ሃያ ደቂቃ ያህል ሰማዩ ጥቂት ብርሃን ይዞ ይቆያል፤ በዚያች ሰዓት ማንንም ሳያስጠጉ ፊትንም እሳትንም ማግኘት ይቻላል። የነሐሴ ደመና ይህን ቢከለክል ደግሞ መጠበቅ ነው። ነበልባሉ ሲወድቅና ፍሙ ሲቀር የእሳቱና የፊቱ ብርሃን ይቀራረባል። የመስቀልን ደመራ የሚያነሡ ሰዎች ይህን ቢያውቁ መልካም ነበር። የመስቀል በዓል በ2006 ዓ.ም. በዩኔስኮ መዝገብ የገባ ነው፤ በየዓመቱ ከሚታዩት ሥዕሎቹ ግን የሚበዙት ነበልባሉ በጋመበት ጊዜ የተነሡ ናቸው። እሳቱ ከበረደ በኋላ ሽማግሌዎች በዐመዱ ግንባራቸውን በመስቀል ምልክት ሲያማትቡ ያሳየ ሥዕል ጥቂት ነው። አንሺው በዚያ ጊዜ ዕቃውን ሸክፎ ሄዷልና።

እናንተ ወጣቶች ዛሬ በኪሳችሁ የያዛችሁት ስልክ በጨለማ ብዙ ሥዕል በተከታታይ አንሥቶ አንድ አድርጎ የሚሰፋ ነውና፥ እኛን ያስቸገረን ነገር ለእናንተ ቀልሏል። ልጁን የማስጠጋት ምክንያትም በዚያው ልክ ቀንሷል።

በማግሥቱ ሥዕሉን ለአያቱ አሳየናቸው። ብዙ ጊዜ ዝም ብለው ተመለከቱት። «መልኩስ ያባቱ ነው» አሉ፤ ጣታቸውን ያሳረፉት ግን በእጅጌው ላይ ነበር።